ግጥሙን አሳድሩት

ከደጀን ወደ ቢቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ ዓመቱ ነው። እኔም በዚሁ ሥራ አርጅቼ ጡረታ እንደወጣሁ ስነግረው ፊቱ በራ። ስለ ደሞዝ አወራን፤ ስለ ዝውውር አወራን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ግጥም ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ» አለኝ።

ሳቅሁ። ስንቱን ዓመት እኔም ዘልዬዋለሁ። ወሬያችን ሳያልቅ ቢቸና ደረስንና ተለያየን። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ለሚዘሉት ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የግጥም ትምህርት ማለት የስም ዝርዝር ይመስለኝ ነበር። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ አሊተሬሽን እያልኩ በዘይቤዎች የእንግሊዝኛ ስም ብላክቦርዱን ከላይ እስከ ታች ሞላሁት። ተማሪው ገለበጠ። ግጥሙን አንድ ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ መስመር በመስመር ትርጉሙን ነገርኳቸው። «ገባችሁ?» ስል «ገባን!» አሉ ባንድ ድምፅ። (ይህ «ገባን» የሚሉት ነገር አስተማሪ ዝም እንዲል የሚከፈል ቀረጥ ነው።)

ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ልጅ እጁን አወጣ። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዘመናዊ ትምህርት የገባ ነው፤ በዕድሜም ከክፍሉ ሁሉ ይበልጣል። «ቲቸር፣ እርስዎ ሁሉን ከነገሩን ለኛ ምን ቀረን?» አለኝ። እንደ ድፍረት ቆጠርኩበትና «ተቀመጥ!» አልኩት። እሱ ተቀመጠ፤ ጥያቄው ግን አልተቀመጠልኝም።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ከረመና ልጁን ራሴ ፈልጌ አነጋገርኩት። ቅኔ ቤት እንዴት እንደሚማሩ ጠየቅሁት። ጎጃም ተወልዶ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሳሰሉትን የቅኔ ቤቶች በስም የማያውቅ የለም፤ እኔም በስም አውቃለሁ። ውስጡን ግን አላውቅም ነበር። ተማሪው ቀን ወደ ሜዳና ወደ ጫካ ወጥቶ፣ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን እንደሚቆጥር፣ ማለትም እንደሚደርስ፣ ነገረኝ። ማታ ለመምህሩ ያቀርባል። መምህሩ ያርማል፤ አንዳንዴም ይጥልበታል። ጀማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቀስ ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ ነው።

እኔ የያዝኩት እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይጫንበትም። እኛ ግን እንግሊዝኛ ገና እያንገዳገደው ላለ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አርባ መስመር ግጥም እንሰጣለን። ሁለተኛ፣ በተማሪውና በመልሱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን አለ። ሜዳ አለ፤ ብቻነት አለ። እኛ በአርባ ደቂቃ ፔሬድ ውስጥ ጥያቄውንም መልሱንም ጨርሰን እንወጣለን።

ስለዚህ ዕቅዴን ገለበጥኩት። የጎጃም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ታውቁታላችሁ። ብዙው የገጠር ልጅ ነው፤ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ አርብ ለስንቅ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር። ያ መንገድ ለእኔ የቅኔ ሜዳ ሆነልኝ። ግጥሙን አርብ፣ ፔሬዱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እሰጣለሁ። ከአራት እስከ ስምንት መስመር፤ አይበልጥም። ሁለት ጊዜ ቀስ ብዬ አነባለሁ። መንገዱን የሚዘጉ ሦስት አራት ቃላት ብቻ እፈታለሁ። አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ። ከዚያ ዝም።

ጥያቄው «የግጥሙ ጭብጥ ምንድን ነው?» አይደለም። እንዲህ ብላችሁ ስትጠይቁ ልጁ አምና የሰማውን መልስ ነው የሚያወጣላችሁ። እኔ ደጋግሜ የተጠቀምኩበት ይህ ነበር፦ «ከዚህ ግጥም አንድ ቃል ብቻ ብትነቅሉ፣ የትኛው ሲነቀል ነው ቤቱ የሚፈርሰው?» ይህን ለመመለስ ግጥሙን አሥር ጊዜ ማንበብ ግድ ነው። ደግሞ የእንግሊዝኛ ችሎታው ደካማ የሆነውም ልጅ አንድ ቃል መምረጥ አያቅተውም። ሰኞ ሲመጡ አንዱ የመረጠውን ሌላው አይቀበለውም። ክርክሩ ይጀመራል። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ጥግ እቆማለሁ።

አንድ ሱፐርቫይዘር የዕለት ዕቅዴን አይቶ፣ «የመምህሩ ተግባር» በሚለው ሣጥን ውስጥ «ያዳምጣል» ብቻ ተጽፎ ሲያገኝ ተቆጣ። ደህና ሰው ነበር፤ ቅጹ ነው ያስቸገረው። ለእሱ ስል ከዚያ ወዲያ «ያዳምጣል፣ ይመዘግባል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለታችንም ተስማማን።

ስለ መምረጥ ትንሽ ልበል። የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የወርድስወርዝን የዳፎዲል ግጥም ባንድ ወቅት በግንቦት አስተማርኩ። ዳፎዲል ምን እንደሆነ ሳስረዳ ፔሬዱ አለቀ። አበባ ነው፤ ቢጫ ነው፤ በእንግሊዞች አገር ብርዱ ሲያልፍ ይወጣል። ልጆቹ ጻፉት። አንዱም አላየውም። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ግጥም በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት አመጣሁት። ከመስኮቱ ውጪ ሜዳው በሙሉ አደይ ነው። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ክረምት ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ሆድን ምን እንደሚያደርገው እነሱ ራሳቸው ነገሩኝ። ገጣሚው ያ አበባ ብቻውን በተጋደመበት ሰዓት ትዝ እያለው ደስ ይለዋል። አንዲት ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኛም ከተማ ስንከራይ እንደዚያ ነው» አለች። መጽሐፉ የገጽ ቁጥር እንጂ ወቅት አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ዓመታዊ ዕቅድ ስታወጡ የትኛው ግጥም በየትኛው ወር እንደሚስማማ አስቡበት፤ ምዕራፍ ብታዘዋውሩ ማንም አይሞትም።

መጽሐፍ ለሦስት አንድ ሲሆን፣ ክፍሉም ስልሳ ሰባ ልጅ ሲሞላ ምን ይደረጋል? ብላክቦርድ ይበቃል። አስቀድማችሁ ግቡና ግጥሙን በትልቁ ጻፉት። ሁሉም አብረው ያንብቡ። ከዚያ በዳስተር አንድ ቃል አጥፉና እንደገና ይበሉት። ሁለት ቃል አጥፉ። ግማሹን መስመር አጥፉ። መጨረሻ ላይ ባዶ ሰሌዳ እያዩ ግጥሙን በቃላቸው ይሉታል፤ ሳይታወቃቸው። ድምፃቸው ጎረቤት ክፍል ድረስ ይሰማል፤ ጎረቤታችሁን አስቀድማችሁ ይቅርታ ጠይቁ። በቴሌቪዥን የተደገፈው ትምህርት፣ ያ «ፕላዝማ» የምንለው፣ በ1997 ሲመጣ ብዙዎቻችን ጠመኔ አበቃለት ብለን ነበር። ፕላዝማው ግን ቆም ብሎ ልጁን አይጠብቅም ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ጠመኔያችን ተመለስን።

አማርኛ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? እኔ እፈቅዳለሁ። አምስት ደቂቃ፣ ለሁለት ለሁለት ሆነው ያውሩበት፤ ከዚያ ያሰቡትን በእንግሊዝኛ ያቅርቡ። ባዶ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከመስማት ሙሉ ሐሳብ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መስማት ይሻላል። ወደ እንጅባራ በኩል የተመደባችሁ ደግሞ አውንግኛ የሚናገሩ ልጆች አሏችሁ። ለእነሱ አማርኛውም ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን ይችላልና በአውንግኛም ያውሩ።

ልብ ወለድና ድራማ ላይ ስትደርሱ አገራችን ያለውን ነገር አትርሱ፤ ሙግት እንወዳለን። የድሮውን የበላ ልበልሃ ችሎት ክፍል ውስጥ አስገባሁት። የሮሜዎና የጁልየትን ታሪክ አንብበን ስንጨርስ መነኩሴውን ከሰስነው። በድብቅ ያጋባቸው እሱ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት የሰጣት እሱ፣ መልእክቱ ሳይደርስ የቀረበትም እሱ። ከሳሽ፣ ጠበቃ፣ ሦስት ዳኞች መረጥን። አንድ ልጅ መነኩሴውን ሆኖ ፊት ተቀመጠ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ ከመጽሐፉ መስመር ሳይጠቅስ የሚናገር ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ጣቱን ቀስሮ ሲሟገት አየሁ። ሰዋስዉ ብትንትኑ የወጣ ነበር። አላቋረጥኩትም። ዳኞቹ መነኩሴውን ነፃ አወጡት፤ እኔ እስከ ዛሬ በፍርዱ አልተስማማሁም።

አለማቋረጥን የተማርኩት ግን በክፉ መንገድ ነው። አንዲት ጸጥተኛ ተማሪዬ ስለ አያቷ ለቅሶ በእንግሊዝኛ ግጥም ጽፋ ሰጠችኝ። ማንም አላዘዛትም። አልቃሿ ያወረደችውን ሙሾ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ነበር የሞከረችው። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ጊዜ አመልካቹን፣ መስተዋድዱን፣ ፊደሉን ሁሉ አረምኩ። ወረቀቱ ደም መሰለ። «ጎበዝ» ብዬም ከታች ጽፌያለሁ። ተቀብላኝ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሁለተኛ አልጻፈችም። ተማሪ ከልቡ የጻፈውን ስትቀበሉ መጀመሪያ ስለ ነገሩ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ሰዋስዉ ሐሙስ ይደርሳል።

ፈተናውን እንደናቅሁት አትቁጠሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አለ፤ ልጁ ሜታፎርን ከሲሚሊ መለየት አለበት። ግን ስሙን መጨረሻ ላይ ስጡት። ነገሩን ካገኘው በኋላ ስም ማውጣት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። የግጥም ምት ሳስተምር የእንግሊዞቹን አሥር ቀለም (የድምፅ ቁራጭ) ያለውን መስመር፣ አያምቢክ ፔንታሜትር የሚባለውን፣ በጭብጨባ እጀምራለሁ። ደ ዱም፣ ደ ዱም፣ አምስት ጊዜ። ቀጥሎ የኛን ሰንጎ መገን የሚባለውን የግጥም ምት አመጣለሁ። እሱም አሥር ቀለም ነው። ግን አምስትና አምስት ሆኖ መሐል ላይ ይሰበራል። ቁጥሩ አንድ፣ አካሄዱ ሌላ። ልጆቹ ሁለቱን ሲያጨበጭቡ ልዩነቱን እጃቸው ይነግራቸዋል።

ከዚያ ወደ ሰምና ወርቅ። ያው በሮሜዎና በጁልየት ታሪክ ውስጥ መርኩሺዮ የሚባለው ቀልደኛ በሰይፍ ተወግቶ ሊሞት ሲል፣ ነገ ብትፈልጉኝ «ግሬቭ» ሰው ሆኜ ታገኙኛላችሁ ይላል። ቃሉ ኮስታራ ማለት ነው፤ መቃብርም ማለት ነው። ሰሙን ስነግራቸው ዝም አሉ። ወርቁን ራሳቸው ሲያወጡት ክፍሉ ተናወጠ። ያ ከቅኔ ቤት የመጣው ልጅ ያኔ ከትምህርት ቤቱ ወጥቷል፤ ቢኖርልኝ ብዬ ተመኘሁ።

«በሉ እናንተም በሰንጎ መገን አንድ አምጡ» ብዬ አርብ ላክኋቸው። ሰኞ አንድ እረኛ የነበረ ልጅ ይህን አመጣ፦

ጅብ ገባ ቢሉኝ ምን ያስደንቀኛል፣
በሬ ሳይታሰር ሌሊቱን አድሯል።

በሬ ከብቱ ነው። በሬ ደግሞ የኔ በር ነው፤ የግቢውን በር በገመድ ለሚያስር ሰው ሁለቱም ሳይታሰሩ ያድራሉ። አጨበጨብንለት። «እንግዲህ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት» አልኩ። አንድ ፔሬድ ሙሉ ታገልን። ከብቱን ስናስገባ በሩ ይወጣል። በሩን ስናስገባ ከብቱ ያመልጣል። አንዱ ጓደኛው፣ «ቲቸር፣ እንግሊዞች በሬና በር ለየብቻ ነው የሚያስሩት» አለ። ደወል ተደወለ፤ አልወጡም።

ከዚያ ወዲህ እኔም በየጊዜው ሞክሬዋለሁ፤ አልሆነልኝም። ከናንተ ክፍል የሚመልሰው ልጅ ከተገኘ አድራሻዬ ቢቸና ነው፤ ጡረታ የወጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ብላችሁ ጠይቁ።