በለንደን አሎትመንት ላይ በማርች ወር ምን ይተከላል?

ጠያቂያችን፣ ለንደን ውስጥ ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) አሎትመንት፣ ማለትም አትክልት ለማልማት የሚከራይ ቁራሽ መሬት፣ እንደ ደረሰዎት ገልጸው፣ ባቄላ፣ ድንች፣ የሐበሻ ጎመንና ቃሪያ በዚሁ በማርች ወር ባንድ ላይ መትከል ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ግማሽ ድርሻ፣ ማለትም 125 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ለዘጠኝ ዓመት ሳለማ ከቆየሁት ተነሥቼ ስመልስ፣ ባንድ ላይ አይሆንም።

እኔ ዘሬን የምለየው እንደ አገራችን ደጋና ቆላ ብዬ ነው። የደጋው ባቄላ ብርድ ስለማይፈራ፣ አፈሩ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ከደረሰለት ይበቅላል፤ ስለዚህ 5 ሳንቲሜትር ያህል አጥልቀው፣ በመካከሉ 20 ሳንቲሜትር እየተዉ አሁኑኑ ሊዘሩት ይችላሉ። አገር ቤት ሰኔን ጠብቆ የሚዘራ ባቄላ እዚህ በማርች መሬት መግባቱ እኔንም መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የለንደን አፈር በብዙ ቦታ እንደ ዋልካ የሚጣበቅ ነውና፣ ከመቆፈርዎ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ከተፈረፈረ ይጀምሩ፤ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ ግን ፀሐይ ብትወጣም ጥቂት ቀን ይታገሡ፣ እርጥብ ሳለ የተረገጠ መሬት ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራልና።

ድንቹን በእንቁላል ካርቶን ደርድረው፣ ብርሃን ባለው ቀዝቃዛ ክፍል አጎንቁለው፣ ቀደም ብሎ የሚደርሰውን ዓይነት በማርች መጨረሻ ይትከሉ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሳምንት ፀሐይ አታልሎኝ በወሩ መባቻ ተከልኩና፣ ኤፕሪል ውስጥ አንድ ሌሊት በጣለው ውርጭ ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጠቁሮ ተኝቶ አገኘሁት። ልነቅለው ስል ጎረቤቴ የነበሩ ጃማይካዊ አዛውንት ከለከሉኝ፤ እውነትም ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ወጣ፣ ምርቱ ግን ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ቡቃያው ብቅ ባለ ቁጥር አፈር አስታቅፈዋለሁ፤ ውርጭ በተተነበየበት ማታም ነጭ ስስ የአትክልት ጨርቅ አለብሰዋለሁ።

ጎመኑን እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ቢያቆዩት ይሻላል፣ ቡቃያው ለረጅም ጊዜ ብርድ ካገኘው ቅጠል ሳያበዛ ወደ አበባ ይሄዳልና። በተዘራበት ዕለት መረብ ካልዘረጉበት ደግሞ እርግቦቹ አንድ ቅጠል አያስቀሩልዎትም፤ በዚህ ነገር እኔ ከእርግብ ጋር እስካሁን አልታረቅሁም።

ቃሪያው የቆላ ነው። አሁን ቤት ውስጥ፣ ሞቅ ባለ መስኮት አጠገብ በትንሽ ዕቃ ይዝሩትና፣ ሜይ መጨረሻ ላይ ችግኙን ቀን ቀን ብቻ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ያህል ካለማመዱት በኋላ ወደ መደቡ ያዛውሩት።