በኅዳር፣ ከሾላ ዛፍ ሥር

ጥያቄ፦ በመስከረም ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የተዛወርኩ ሠራተኛ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጄ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሆነ የውጭ አገር ጫካ በቴሌቪዥን አይታ «የእኛ ዛፎች ለምን እንደዚህ አይሆኑም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አጣሁላት። ለመሆኑ በዚህ ወር ከከተማው ሳንወጣ ከዛፍ ሥር የምንራመድበት ቦታ የት አለ? ምንስ ላሳያት?
የአንዲት ልጅ እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ከተማ ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህንን ጥያቄ የሚያነሳ ተማሪ አጥቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ከልጅዎ ልጀምር።

በሰሜኑ አገር ብርዱ ሲቃረብ ቀኑ በጣም ያጥራል። ዛፉ ያንን ተከትሎ ቅጠሉን አረንጓዴ ያደረገውን ክሎሮፊል ያፈርሰዋል፤ የሚጠቅመውን ምግብ ወደ ግንዱ ይሰበስባል። ያን ጊዜ ድሮም ቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። ቀዩ ግን በአንዳንድ ዛፎች ላይ በዚያው ሰሞን እንደ አዲስ የሚሠራ ቀለም ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ረጅሙና አጭሩ ቀናችን የሚበላለጡት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። የእኛ ዛፍ ይበልጥ የሚያደምጠው ዝናቡን ነው። ልጅዎ ቀይ ዛፍ ካማራት ደግሞ በበጋው ኮርችን ፈልገው ያሳዩአት፤ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ እሳት የመሰለ አበባ ያወጣል።

መፀው በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ስለሆነ ኅዳር ማለቂያው ላይ ወቅቱም እየተገባደደ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ መሬቱ ደርቋል፤ ለእግር የሚመች ጊዜ ነው። ፍቅር ሐይቅ ያለው መንገድ ለወግ ያምራል፤ ለዛፍ ግን ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወደሚባለው ቦታ ይሂዱ። ዓሣ ገበያውን አልፈው ትልልቆቹ ሾላዎች ሥር ሲደርሱ ይቁሙ። መዞር አያስፈልግም፤ አንድ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት መቆየት ይበቃል።

ሾላ ፍሬውን የሚያንዠረግገው ግንዱና ወፋፍራሙ ቅርንጫፉ ላይ ነው። «ሾላ አበባ የለውም» ሲባል ሰምተው ይሆናል። አለው፤ አበባው ያለው ፍሬ የምንለው ነገር ውስጥ ነው። ገና ያልለሰለሰ ሾላ አንሥተው ለሁለት ይክፈሉት። ውስጡ ዙሪያውን እንደ ምንጣፍ ጭራ በተተከሉ ደቃቅ አበቦች ተሞልቷል። ጫፉ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ አንዲት ኢምንት ተርብ ትገባለች፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፍና እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ከሚፈለፈሉት መካከል ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም። ሥራቸው ሴቶቹን ማስጸነስና መውጫ መቦርቦር ብቻ ነው፤ ሴቶቹ በዚያ በኩል ዱቄቱን ይዘው ወደ ሌላ ሾላ ይበራሉ። ተማሪዎቼን ምላጭ አስይዤ እወስዳቸው ነበር። አንድ ዓመት አንዲት ልጅ ከሾላው የወጣችውን ተርብ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ ተነሥታ እስክትበር ድረስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ስትጠብቃት አይቻለሁ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ከዚያ ቀና ይበሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ከደረሱ ጉሬዛዎቹ ከዛፉ አናት ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኟቸዋል። ዋና ምግባቸው ቅጠል ነው፤ ሆዳቸውም እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ቅጠሉን አብላልቶ የሚፈጭ ነው። እባክዎ ዳቦም ሙዝም አይስጧቸው፣ ሌላው ሰው ሲሰጥም ልጅዎ «እኔም» ብትል ይከልክሏት፤ ለዚያ ሆድ ዳቦ ምግብ አይደለም። ግልገል ካለ ልጅዎ ቀድማ ታየዋለች፤ ሲወለድ መላ አካላቱ ነጭ ስለሆነ በእናቱ ጥቁር ደረት ላይ እንደ ጥጥ ይታያል። ታች የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ እግራቸው ነጭ የመሰለው ደግሞ በኩሳቸው ስለሚቀቡት ነው፤ ሙቀት የሚያበርዱት በዚያ ነው። ልጆች ይህንን ከሰሙ አይረሱትም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ ልማዱን አከብራለሁ። ግን የዛፍ ቅጠል ከግንዱ ሥር ጠርጎ ማቃጠል የዛፉን የከርሞ ቀለብ ማቃጠል ነው፤ እሳቱም ሥሩን ይጎዳዋል። ግቢዎ ውስጥ ዛፍ ካለ ቅጠሉን ጥግ ላይ ከምረው ውኃ ያርከፍክፉበት። ለክረምቱ ጥቁር አፈር ይሆንልዎታል።

ሐይቁ ዳር ማምሸት ግን ይቅር፤ ጉማሬዎች ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣሉ። ልጅዎም ሾላው ውስጥ ያገኘችውን በእርሳስ ሥላ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ብትልክልኝ እጠብቃለሁ።