ዳንባድ እውነት ከሥሯ ትነዳለች? የግቢያችን ከሰልስ ለምን ይጨሳል?

ጥያቄ፦ ልጄ ሕንድ አገር ዳንባድ የምትባል ከተማ የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነው። አንድ ጎረቤታችን «ያቺ ከተማ እኮ ከመቶ ዓመት በላይ ከሥሯ ስትነድ የኖረች ናት» ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት ነው?
እናት ነኝ፣ ከሰበታ

መልስ፦ ጎረቤትዎ አልዋሹም፤ ቦታውን ግን አቀላቅለውታል። የሚነደው ከዳንባድ በስተደቡብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የጃሪያ የድንጋይ ከሰል መስክ ነው። እሳቱ መጀመሪያ የታወቀው በ1916 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ እኛ ዘንድ ልጅ ኢያሱ የተሻሩበት ዓመት መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ አልጠፋም።

እሳተ ገሞራ አይደለም። በዚያ ዘመን የግል ባለሀብቶች ጣሪያው እንዳይናድ የከሰል ምሰሶ እየተዉ ይቆፍሩ ነበር። ከሰሉን አውጥተው ሲጨርሱ ዋሻውን በአሸዋ መሙላት ሲገባቸው ወጪውን ሸሽተው እንዲሁ ጥለውት ሄዱ። ምሰሶው ሲደቅ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ በስንጥቁ አየር ገባ። የድንጋይ ከሰል አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ደግሞ ክብሪት ሳይጫርበት ራሱን ያቀጣጥላል። መንግሥት በ1972 የኮክ ከሰል (ኮክ ወደሚባል ማገዶ የሚለወጥ የድንጋይ ከሰል) ማዕድኖቹን ወርሶ ባራት ኮኪንግ ኮል ለተባለው ድርጅት ሰጠ። እሳቱም አብሮ ተወረሰ።

ሰዉ ታዲያ ለምን አይለቅም? ከሥር ያለው የሕንድ ዋነኛ የኮክ ከሰል ነው፤ ኮክ ደግሞ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ቀለብ ነው። በ2009 ነዋሪውን የማንሳት ትልቅ ዕቅድ ጸድቆ ቤልጋሪያ የሚባል መንደር ተሠርቷል። ግን ቤት ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ እዚያ ሥራ የለም ብለው ጃሪያ የቀሩ ብዙ ናቸው። ከማዕድኑ ጠርዝ ከሰል ለቅመው የሚያድሩም አሉ። ጆንያዎቹን ከብስክሌቱ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው እስከ 200 ኪሎ ይጭኑና፣ መንዳት ስለማይቻል፣ እየገፉ ገበያ ያደርሱታል።

ወደ ልጅዎ እንመለስ። እዚያ ያለው ስመ ጥሩ የማዕድን ትምህርት ቤት በ1926 ተመሥርቶ በ2016 የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማትን ማዕረግ ያገኘው ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማው ውስጥ እንጂ እሳቱ ላይ አይደለም። ጃሪያን ለማየት ብቻውን እንዳይሄድ ግን ይምከሩት፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ድንገት ይከዳል። ከዴልሂ በባቡር አንድ ሌሊት ይፈጃል። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ሹራብ ይፈልጋል፣ የከሰል ጭስም ዝቅ ብሎ ይተኛል። አስም ካለበት መድኃኒቱን አስቀድሞ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ገላን ያለ ፋብሪካ ውስጥ የቦይለር ሠራተኛ ነኝ። ግቢ የከመርነው የአገር ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማታ ማታ ይጨሳል። ውሃ ስንረጭበት ይተውና በሁለተኛው ቀን ይመለሳል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የጃሪያ ታናሽ ወንድም ግቢያችሁ ገብቷል። የአገራችን ከሰል አብዛኛው ደረጃው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከውጭ ከሚመጣው ጠንካራ ከሰል ቶሎ ይሞቃል። ገልባጭ መኪና ሲደፋው ድንጋዩ ተንከባልሎ እግር ሥር ይቀመጣል፣ ዱቄቱ ከላይ ይቀራል። አየር በድንጋዩ መሃል ሾልኮ ዱቄቱ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ትኩሳቱን ክምሩ እምብርት ላይ አትፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ነፋስ በሚመታው ጎን፣ ከዳር አንድ ወይም ሁለት ሜትር ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ጫፉ የተደፈነ የብረት ቱቦ ምቱበትና ቴርሞሜትር በሽቦ አውርዳችሁ 20 ደቂቃ ቆዩ። ጫፉ ክፍት ከሆነ ቱቦው ራሱ ጭስ ማውጫ ሆኖ እሳቱን ያራግባል። «ይተንፍስ» ብሎ ክምር ላይ እንጨትና ቱቦ መትከልም ያው ነው። 40 ዲግሪ አያሳስብም፤ 60 ካለፈ ያንን ቦታ ማውጣት ነው።

ውሃው የማይሠራው ላዩን ብቻ ስለሚያረጥብ ነው። ፍም ላይ ከደረሰ ደግሞ ይብሳል፤ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ሰው ሁሉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም፤ ሎደር ትኩሱን ዝቆ ባዶ ሜዳ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳስቶ ይበትነው። ውሃ የሚረጨው ያኔ ነው። ሲበርድ መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ የሚገባው እሱ ይሁን።

አዲሱን ስትከምሩ ከፍታውን ከ3 ሜትር በላይ አታድርጉ። በ30 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየደለደላችሁ ሎደሩ እንዲጠቀጥቀው ይመላለስበት፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ሳይሆን ተዳፋት ይሁን፣ እግሩን በደቃቅ ከሰል ወይም በአፈር ድፈኑት። ከሥሩ ጨርቅ፣ ሣርና ጣውላ አይቅር፣ የእንፋሎት ቱቦም አይለፍ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጣሰው ይህ ነው፣ ሎደሩ ሁልጊዜ ከቅርቡ ይዝቃልና። መስከረም ላይ ክረምት የጠጣው ክምር ፀሐይ ሲያገኝ ልኬቱን በየቀኑ አድርጉት።

የሌሊት ዘበኛውም ለሙቀት ብሎ ክምሩን ተጠግቶ እንዳይተኛ ንገሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።