የጀሶ ሐውልት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ መላክ፦ ስፖንጅና ገመድ አይበቃም

እህቴ፣ 1 ሜትር ከ20 ቁመት ያለው፣ 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጀሶ ሐውልት በስፖንጅ ጠቅልዬ አይሱዙ ላይ አቁሜ በገመድ ባስረው ይበቃል ወይ ብለሻል። አይበቃም። ጀሶ የግድ ወድቆ አይደለም የሚሰበረው፤ ቁርጭምጭሚቱ፣ አንገቱ ወይም የተዘረጋው ክንዱ ድጋፍ አጥቶ ለሰዓታት ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ገመድ የያዘው ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው ይወዛወዛል። ስለዚህ ማሰሪያው ማረፍ ያለበት ሳጥኑ ላይ እንጂ ሐውልቱ ላይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት መድረቁን አረጋግጪ። ሐይቁ ዳር በክረምት ጀሶ ቶሎ አይደርቅም። የእጅሽን ጀርባ ስታስነኪው ከቀዘቀዘሽ ገና ውሃ አለው፤ እርጥብ ጀሶ ደግሞ ጥንካሬው የደረቀውን ግማሽ ያህል ነው።

ሳጥኑን ከሞራሌና ከ12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ አሠሪ፣ በየጎኑ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ክዳኑ በቪቴ ይታሰር፤ ሚስማር ሲመታ ምቱ በቀጥታ ወደ ሐውልቱ ይሄዳል። ቁርጭምጭሚቱ ቀጭን ከሆነ በጀርባው አስተኚው። ጣውላ በሰውነቱ ቅርጽ ልክ ተቆርጦ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጠንከር ያለ ስፖንጅ ለብሶ ጭኑን፣ ዳሌውንና ትከሻውን ይያዝ። ከላይም ተመሳሳይ ጣውላ ይምጣና ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር በቪቴ ይታሰር። ጣትን፣ አፍንጫንና የልብስ እጥፋትን ምንም አይንካ። ስፖንጁን በቡጢሽ ስትጫኚው ወዲያው ከታች ያለው ጣውላ ከተሰማሽ ለ60 ኪሎ አይሆንም፤ የአሮጌ ፍራሽ ቁራጭ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሐውልቱን መጀመሪያ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልይው። ጋዜጣ ቀለሙን ይለቃል። ላስቲክ በቀጥታ አታልብሺው፤ ከደጋው ብርድ ወደ አባይ በረሃ ሙቀት ሲወርድ ውስጡ ያልበዋል። የዝናቡን ነገር ለሸራው ተዪው፣ እሱም ከሳጥኑ ውጭ ይሁን።

ሳጥኑ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ይቀመጥ፤ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው ቦታ ከሁሉም በላይ ይዘላል። የሐውልቱ እግር ወደ ጋቢናው ይዙር፣ ፍሬን ሲያዝ ግፊቱ መቆሚያው ላይ እንዲያርፍ። ማሰሪያው ወደፊት የዕቃውን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ እንዲችል ተደርጎ ይታሰባል፤ ሐውልቱ ብቻውን 48 እና 30 ኪሎ ነው፣ የሳጥኑን ክብደት ጨምሪበት። ባዶ አይሱዙ ባሌስትራው ስለማይተጣጠፍ ክፉኛ ያንገጫግጫል፤ የአሸዋ ጆንያ ወለሉ ላይ አስጭኚ፣ ግን እሱም ይታሰር።

ከሾፌሩ ጋር ስትዋዋዪ «መንገድ ላይ ሌላ ዕቃ አይጫንም» የሚለውን አስገቢ። በሳጥኑ ላይ የሚወረወር የሽንኩርት ጆንያ የለፋሽበትን ሁሉ ገደል ይከተዋል። ማሰሪያው መጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ይላላል፣ ያኔ ቆሞ ያጥብቅ። በዳንግላም ሂዱ በሞጣ፣ ሁለቱም መንገድ ደጀን ላይ ይገናኛል፤ እዚያ ማሰሪያውን ድጋሚ ይፈትሽ። ከዚያ ወዲያ ወደ አባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ መንገዱም በመሬት መንሸራተት ጎርበጥባጣ ነው፤ በከባድ ማርሽ፣ በቀን ይውረድ።

ከመዝጋትሽ በፊት በየጎኑ ፎቶ አንሺ፣ ጣውላዎቹንም ቁጥር ጻፊባቸው። ተቀባዩ የትኛው ቀድሞ እንደሚፈታ ካላወቀ ሐውልቱ በደህና ደርሶ ሲከፈት ይሰበራል፤ ፎቶውንና ቅደም ተከተሉን መኪናው ሳይነሳ ላኪለት።