ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የድሮዎቹ ገናዎች ትዝታ ደረቴን ያፍነኛል፤ ይህ በሽታ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የልጆቼ አባት ጥሎን የሄደው በ27 ዓመቴ ነው። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ትንሿ ጡት አልጣለችም። እንጀራ ጋግሬ እየሸጥኩ አሳደግኳቸው። ዶሮ መግዛት ያቃተኝ ገና ብዙ ነው። ያን ጊዜ ቁሌቱን አብስዬ፣ እንቁላል ብቻ እጨምርበትና “ዶሮዋ እንቁላሏን ትታልን በረረች” እላቸዋለሁ፤ እነርሱም ይስቃሉ። ልጄ ከጨርቅ ሩር ሰፍቶ፣ ከአጥር እንጨት የገና ዱላ አበጅቶ ሲጫወት ይውል ነበር። በ45 ዓመቴ እግዚአብሔር ደግ ሰው ሰጠኝ። አሥራ ሁለት ገና አብረን አሳለፍን፤ በዋዜማው ዶሮውን የሚያርደው፣ ቄጠማውን የሚጎዘጉዘው እርሱ ነበር። ባለፈው ሚያዝያ ሳይታሰብ ዐረፈ።

የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ የቁሌት ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ደረቴን ጭንቅ ይለኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሌሊት ሌሊት በር ላይ የባሌን ሳል እሰማለሁ፤ አንድ ጊዜ በስሜ ጠርቶኛል። ጎረቤቴ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥታኝ ሦስት ሳምንት ያህል ወስጃለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ግን “በባዶ ሆድ አይወሰድም” ብዬ ጾሙ ሲገባ ተውኩት። የሚያሳፍረኝ ደግሞ ከባሌ ጋር ካሳለፍኩት ጥጋብ ይልቅ ያ የችጋር ዘመን ነው የሚናፍቀኝ። ሟቹን የበደልኩት ይመስለኛል። ያለፈውን ሳነሳ ልጆቼ “እማዬ፣ እባክሽ ተይው” ይሉኛል። ልጄ “ገናን እኔ ቤት አሳልፊ፣ ምንም እንዳትሠሪ” ብላኛለች። ልሂድ ወይስ ቤቴ ልሁን? አእምሮዬስ ጤነኛ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ትዝታዎ ብዙ የምለው አለኝ፤ ነገር ግን አንድ ነገር መቅደም አለበት። ደረትዎ ይመርመር።

“ሐዘን ነው፣ ያልፋል” ብለው እንዳይተዉት የምለምንዎት በምክንያት ነው። ዕድሜዎ 58 ነው፣ የደም ግፊት አለብዎት፣ መድኃኒቱን አቁመዋል፣ ባልዎን ካጡም ዓመት አልሞላዎትም። ከትዳር ጓደኛ ሞት በኋላ ባሉት ወራት የልብ ሕመም ከወትሮው እንደሚበዛ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ከባድ ሐዘን በራሱ የልብን ጡንቻ ለጊዜው የሚያዳክምበት ሕመምም አለ፤ ታኮትሱቦ ይባላል። በጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 የተገለጸ ሲሆን በብዛት የሚይዘው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። ምልክቱ ከልብ ድካምና ከደም ሥር መዘጋት ጋር ስለሚመሳሰል በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ኢሲጂ (የልብ ምት የኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። አብዛኞቹ ሕሙማን በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ ይህ ግን በጊዜው ሲታወቅና ክትትል ሲደረግለት ነው። ስለዚህ በዓሉን ሳይጠብቁ በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ጭንቀቱ ቁጭ ባሉበት ከሩብ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ክንድ ከተሰራጨ፣ ላብ ካጠመቀዎት፣ ካቅለሸለሸዎት ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ግን ሰዓትም ሆነ ቀን አይምረጡ፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ። በሴቶች ላይ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ እንደ ድካም፣ እንደ ትንፋሽ ማጠርና እንደ ጨጓራ ሕመም ሆኖ ስለሚመጣ ሴቶች ራሳቸውም፣ አንዳንዴ እኛ ሐኪሞችም፣ አሳንሰን እናየዋለን።

የግፊት መድኃኒቱን ማቆምዎ አሳስቦኛል። የትኛውን እንደሚወስዱ አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከምግብ ጋር መወሰድ አለባቸው የሚባሉ አይደሉም፤ በባዶ ሆድ በውኃ ይወሰዳሉ። ውኃውም ቢሆን ጾሜን ይፈታብኛል ካሉ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መድኃኒት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎ ይወስናል። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን አታስጨንቅም፤ የነፍስ አባትዎን ቢያማክሩ ይህንኑ ይነግሩዎታል ብዬ አምናለሁ። ያመለጠዎትን ለማካካስ ግን ሁለት እጥፍ እንዳይወስዱ። መጀመሪያ ግፊትዎ ይለካ፣ ከዚያ በሐኪም ትእዛዝ ይቀጥሉ።

የጎረቤትዎን ኪኒን ስም ባላውቅም “የእንቅልፍ” እየተባለ ከቤት ቤት የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ ዲያዜፓም ወይም የዚያ ወገን የሆነ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ይህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ መክሯል። ሐዘኑን አያቀለውም፤ ያደነዝዛል እንጂ። ሰውነት ይለምደዋል፤ በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ወድቆ መሰበርን ያመጣል። ከጠላ፣ ከጠጅ ወይም ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከማፈን ይደርሳል፤ በዓል እየመጣ ስለሆነ ይህን አደራ እላለሁ። ሦስት ሳምንት ከወሰዱ በኋላ በአንድ ቀን ቆርጦ መጣልም ልክ አይደለም። ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስቀንስዎ። እስከዚያው ቡናዎን ከቀትር በፊት ይጨርሱ፣ ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት አልጋው ላይ አይገላበጡ፤ ተነስተው ይቀመጡ፣ ይጸልዩ፣ ሲያዛጋዎት ይመለሱ።

አሁን ወደ ሳሉ ልምጣ። አላበዱም። እ.ኤ.አ. በ1971 ደዊ ሪስ የተባለ የዌልስ ሐኪም የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ 293 ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። ግማሽ የሚጠጉት ሟቹን እንዳዩ፣ ድምፁን እንደሰሙ ወይም አጠገባቸው እንዳለ እንደተሰማቸው ነገሩት። አብዛኞቹ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ብዙዎቹም ነገሩ አጽናናን እንጂ አላስፈራንም ብለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት በሩን ሲከፍት የሰማው ጆሮዎ በስምንት ወር አይረሳውም። ድምፁ የሚያዝዎት ከሆነ፣ ራስዎን እንዲጎዱ የሚገፋፋዎት ከሆነ ወይም በጠራራ ፀሐይ ከሰው ጋር ሳሉም የማይለቅዎት ከሆነ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ማየት ይኖርበታል።

የቁሌቱ ነገርም ምክንያት አለው። የምናየውና የምንሰማው ነገር ወደ አንጎል ሲገባ ታላመስ በሚባለው ክፍል በኩል ተጣርቶ ያልፋል። ሽታ ግን ትዝታንና ስሜትን ወደሚይዙት የአንጎል ክፍሎች በአቋራጭ ይገባል። ለዚህ ነው የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ገና ምን እንደሆነ ሳያስቡት ዓይንዎ እንባ የሚያቀርረው። ሽታውን ለመሸሽ መስኮት ዘግተው ቢቀመጡ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይበረታብዎታል። ልብዎ ደህና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ እዚያው ቆመው በአፍንጫ በቀስታ ያስገቡ፣ ካስገቡት አርዝመው ያስወጡ፣ ስሜቱ እስኪበርድ ድረስ ይቆዩ።

ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የመጨረሻው ነገር ነው። የችጋሩን ዘመን ገናዎች ናፈቅኩ ብለው ማፈርዎ። በጥናት ከሚታወቁት ነገሮች አንዱ፣ ሰው ሲያረጅ አጥርቶ የሚያስታውሰው በአብዛኛው ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜው ያለፈበትን ጊዜ መሆኑ ነው፤ እርስዎም ብቻዎን የቀሩት በዚያ ዕድሜ ነው። ይህ ግን ግማሹ መልስ ይመስለኛል። ሌላው ግማሽ ከአገራችን ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። ባልዎ ሲሞት እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፣ ሶልስቱ ወጣ፣ አርባው ተቆጠረ። በ27 ዓመትዎ ያ ሰው ጥሎዎት ሲሄድስ? ማን ልቅሶ ደረሰ? ማን “አይዞሽ” ብሎ አብሮዎት አደረ? ባሏ ጥሏት ለሄደ ሴት ድንኳን የሚተክል እድር የለንም። ሐሜት ነበር የተረፈዎት ብዬ እገምታለሁ። ለማልቀስ ደግሞ ጊዜ አልነበረዎትም፤ ምጣዱ ይጠብቅዎታል፣ ሁለት ልጆች ይጠብቁዎታል። ሳይለቀስ ያደረው ያ ሐዘን አሁን ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ መጥቷል። በየምርመራ ክፍሉ ብቻቸውን ልጅ አሳድገው ኋላ ባል የሞተባቸውን ሴቶች ሳነጋግር ይህንኑ አያለሁ፤ ለሟቹ ያለቅሳሉ፣ በመካከል ግን እንባው ወደ ጥንቱ ይሄዳል። ሟቹን መበደል አይደለም። ምናልባትም ትዝታዎ ብቻዎን ሆነው በዓል ያቆሙበትን ዘመን የሚያሳይዎት አሁን እንደገና ብቻዎን ስለሆኑ ነው። ያችን እንቁላል ብቻ ሠርታ ልጆቿን ያሳቀች እናት ቢናፍቁ ምን ያሳፍራል?

“በሽታ ነው?” ላሉት፦ ማስታወስና ማልቀስ በሽታ አይደለም። ስትሮብና ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት ጤነኛ ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጠፋው ሰው ያለቅሳል፣ ሌላ ጊዜ የዕለት ኑሮውን ይይዛል። አንዱ ብቻ ሲቀር ነው ችግሩ። የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም መኖሩ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ቢያንስ ስድስት ወር፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ለአዋቂዎች አንድ ዓመት ይላሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሐዘኑ የኅብረተሰቡን ወግና ሃይማኖት ያለፈ መሆን አለበት። በእኛ ዘንድ ጥቁር የሚወልቀው በሙት ዓመቱ ነው፤ በስምንት ወር የሚያለቅስን ሰው “ታመሃል” የሚል ሐኪም አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ከአልጋ መነሳት ካቃተዎት፣ ምግብ እምቢ ብሎዎት ከከሱ፣ ከሰው ሁሉ ከራቁ፣ ራስዎን የማይረቡ አድርገው ከቆጠሩ ሙት ዓመቱን አይጠብቁ፤ ይህ የድብርት ምልክት ነው፣ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። “ምነው እኔንም በወሰደኝ” ማለት ከብዙ ሐዘንተኛ አፍ እሰማለሁ። ከዚያ አልፎ እንዴት እንደሚያደርጉት ማሰብ ከጀመሩ ግን ያኑ ዕለት ለልጅዎ ይንገሩና አብረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ልጆችዎ “ተይው” የሚሉት ስለሚወዱዎት ነው፤ እንባዎን ማየት ይፈራሉ። በዚህ ግን አልስማማም። የተዘጋ ትዝታ ሌሊት በሳል ድምፅ ይመጣል። “ማልቀሴ አያስደንግጣችሁ፤ ስታወሩኝ ይቀለኛል” ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ትልቁ ልጅዎ ያን የጨርቅ ሩር ያስታውሳል፤ ይጠይቁት። የእንጀራ አባታቸውንም ስም በማዕዱ ላይ ያንሱ፤ እነርሱም አዝነዋል፣ ምናልባት እርስዎን እንዳያስከፉ ብለው ነው ያልተናገሩት።

ልሂድ ወይስ ልቅር ላሉኝ፣ ልብዎ ተመርምሮ ደህና ከሆነ ይሂዱ። “ምንም እንዳትሠሪ” የሚለውን ግን አይቀበሉ። በዋዜማው ይሂዱና ወጡን እርስዎ ይሥሩት፣ ሽንኩርቱን ልጅዎ ትክተፍ፣ ዶሮውን ልጅዎ ይረድ። ድካም ከተሰማዎት ቁጭ ብለው ያዝዙ። ጨው ይቀንሱ፤ ከአርባ ቀን በላይ ቅባት ያልነካው ሆድዎ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅቤ ስለማይችል በትንሹ ይጀምሩ። እዚያው ያድሩ፤ ከበዓሉ ማግስት ባዶ ቤት ብቻዎን መግባት ከበዓሉ ዕለት ይልቅ ይከብዳልና ከልጆችዎ አንዱ አብሮዎት ተመልሶ ጥቂት ቀን ይሰንብት። የግፊት መድኃኒትዎን በቦርሳዎ መያዝዎን አይርሱ።