ያየሁትና የመሰለኝ

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ የአንድ ጉድኝት ማዕከል (በአንድ የተሰባሰቡ አጎራባች ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር ነኝ። ለ12 መምህራን በሁለት ቅዳሜ የተግባር ምርምር (መምህሩ የራሱን ክፍል ችግር የሚያጠናበት) ሥልጠና ልሰጥ ነው። የክፍል ምልከታ መዝግባችሁ ኑ ስላቸው «ተማሪዎቹ ሰነፎች ናቸው» ብለው ይመጣሉ። ምን ይሻላል? ወላጆችንስ ማስፈረም ግድ ነው? ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም።

መልስ፦ ስንፍና በዓይን አይታይም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ያዩትን ከመሰላቸው ለመለየት ብቻ ያውሉት፤ ናሙናና መጠይቅ ይቆያል። ገጹን ለሁለት ያስከፍሏቸው፤ በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «የመሰለኝ»። «ጋቢ ተከናንቦ ዴስኩ ላይ ተደፍቷል» ግራ ይገባል፤ «ተኝቷል» ቀኝ። በመንዝ ብርድ የተደፋ ሁሉ አልተኛም።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ክፍል ይግቡ። አንድን ተማሪ ለ10 ደቂቃ፣ በየ30 ሰከንዱ «በሥራው ላይ» ወይም «ከሥራው ውጭ» እያሉ ሳይነጋገሩ ምልክት ያድርጉ። ከ20ው ምልክት 16ቱ ከተመሳሰለ 80 በመቶ ነው፤ በተለምዶ በቂ ይባላል። ካነሰ ዓይናቸውን አይውቀሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ «በሥራው ላይ» ማለት ምን እንደሆነ ሳይስማሙ መግባታቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን መዝገብ ለልምምድ ብቻ ይሁን፤ እንግዳ ያየ ክፍል ጨዋ ይሆናል። ከትምህርት ስለሚቀሩ ተማሪዎች የሚያጠና ካለ ደግሞ በኅዳር ብቻ አይቁጠር፤ አጨዳ ያስቀረውን ልጅ የማስተማር ዘዴው ያስቀረው ይመስለዋል።

ፈቃድ ግድ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ግን ምስክር ባለበት ጽሑፉን አንብቦ በጣት አሻራ መቀበል ይቻላል። አራት ነገር ይነገር፦ ምን እንደሚታይ፣ ስንት ቀን፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየው፣ እምቢ ማለት የልጁን ማርክ እንደማይነካ። ልጁም ራሱ ይጠየቅ፤ ጠያቂው ግን ማርክ የሚሰጠው መምህር ባይሆን ይመረጣል፣ ለእሱ እምቢ ማለት ይከብዳልና። ያልፈቀደ ልጅ እንደ ወትሮው ይማራል፤ አይመዘገብም እንጂ።

ስምን በቁጥር መተካት ብቻውን አይበቃም። በትንሽ ቀበሌ «የ5ኛ ለ አንካሳው ልጅ» ከተባለ ስሙ ተጠራ ማለት ነው። ተመልካቹ ልጅ ሲደበደብ ቢያይ ለማን እንደሚናገርም አስቀድመው ይወስኑ፤ ምስጢር እስከዚያ አይደርስም።

ያልጠየቁን አንድ ነገር አለ። የመምህራኑን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው እጅ ይህንንም መዝገብ ከያዘው እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም። ጥሬው መዝገብ መምህሩ ዘንድ ይቅር፤ ለማህደረ ተግባሩ (የመምህሩ የሥራ ማስረጃ ለሚሰበሰብበት ፋይል) ማጠቃለያው ይበቃል።