ሰባት ደብተር ገቢ ሆኗል

ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የቤቱ ልጅ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ፋንታሲ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ ዲቴክቲቭ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታመጣልኛለች። እኔም ጡረተኛ ነኝና አነባለሁ። ቶናው ሲቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት›› አለችኝ።

አብሯት የሚማር ልጅ ፋንታሲ ጽፎ ‹‹አንብቢልኝ›› ብሎ ሰጥቷታል። ከ300 ገጽ በላይ ነው። እሷ 60 ላይ ቆማለች። ‹‹ነገ ሲጠይቀኝ ‹ቆንጆ ነው› ብለው ምን ችግር አለው?››

‹‹እንደሚመችሽ አድርጊ›› አልኳት። በረካውን ሳልጠጣ ተነሣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። እንግዲህ ያኔ መመለስ የነበረብኝን አሁን እጽፈዋለሁ። እሷም ታንብበው፣ እናንተም አንብቡት። ‹‹ብዙ አንብቡ፣ ስልክ ቀንሱ›› የሚለውን ግን አትጠብቁ። ለእሱ እናቶቻችሁ ይበቃሉ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር፣ የድሮው ጤና ኮሌጅ ነው፤ በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተው፣ ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ። ስለዚህ ለእኛ ወባ የፈተና ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ዝናቡ ሲቆም፣ ትኩሳት የያዘው ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። ጣቱን እወጋለሁ፣ ደሙን ስላይድ ላይ አደርጋለሁ፣ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ እቀባለሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ አያለሁ። ተውሳኩ ከታየኝ ቀላል ነው፤ ‹ፖዘቲቭ› ብዬ እጽፋለሁ። ከባዱ የለም ማለት ነው። የለም ለማለት ቢያንስ 100 ፊልድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ 100 ቦታ ላይ፣ ማየት ያስፈልጋል። ዓይኔ እያለቀሰ፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ 100 ሳልሞላ ‹ኔጌቲቭ› ብዬ የጻፍኩበት ቀን የለም። በዚህ እኮራለሁ።

በዚያው እጄ የሠራሁትን ሌላ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከጎንደር ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው ከእኔ አሥር ዓመት ይበልጣል። አያ ሞዴል ነበር የምንለው። ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ካልተቆረጠ አንዲት ጥቅል ፋሻ ከግምጃ ቤቱ አትወጣማ። ሐኪሙ ራሱ ቆሞ ቢለምነው ‹‹ፊርማ›› ነው መልሱ። በጓንት የተነሣ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን እናውቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ መጣ። ከኩታው ሥር ሰባት ደብተር አወጣ። በሲባጎ ታስረዋል። ‹‹ዶክተር›› አለኝ፤ ያኔ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ‹‹አንተ የእንግሊዝኛ ዲቴክቲቭ ታነባለህ። እስቲ ይችን እይልኝ።›› ከዚያ ያገለገለ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ጀርባውን በእጁ አስምሮ ሞዴል 22 አስመስሎታል። የዕቃው ዓይነት ደብተር፣ ብዛት 7። እየሳቅኩ ፈረምኩ። እሱ ብዙም አልሳቀም።

ታሪኩ ከመቶ ዓመት በኋላ ጎንደር ላይ ነው። አንገረብ ደርቋል። ውሃ በሚዛን ይሸጣል። ጎሃ ተራራ ላይ ማማ ተሠርቶ፣ ማማው ላይ የደመና ጠባቂ የሚባል ሹም ተቀምጧል። ደመና ሲያልፍ እንደ ላም ያልበዋል። አንድ ማለዳ ጠባቂው ሞቶ ይገኛል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ውሃ በሌለበት አገር ልብሱ እስከ ውስጡ ርሷል።

ይህን የማውቀው ዘጠኝ ገጽ ስላነበብኩ ነው። ዘጠኝ ብቻ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር እንዳልላችሁ፣ ማታ ማታ ዳማ ነበር የምንጫወተው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ንቄው ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዞ የሚውል ሰው፣ በአማርኛ ደግሞ፣ ስለ ወደፊት ዘመን ምን ሊጽፍ ይችላል አልኩ። እኔው ራሴ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ የፈረንጅ ዲቴክቲቭ ከማንም እየተዋስኩ ሳነብ አመሻለሁ። አንዴ የመጨረሻው ቅጠል የጎደለ ገጠመኝ። ያችን ቅጠል ፍለጋ ቅዳሜን ጠብቄ ጎንደር ድረስ መጥቼ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን ስጨቀጭቅ ውያለሁ። ለጎደለችው አንዲት ቅጠል ይህን ያህል የደከመ ሰው፣ ሰባቱ ደብተር አልጋው ሥር ነበሩ።

ወር ሆነው። አያ ሞዴል አይጠይቀኝም፤ ያየኛል ብቻ። አፈርኩና ይዤለት ሄድኩ።

‹‹እንዴት ነው?››

‹‹ግሩም ነው አያ። በተለይ መጨረሻው!››

‹‹ገዳዩን ገምተኸው ነበር?››

‹‹ኧረ በጭራሽ!››

ከተናገርኩት ሁሉ እውነቷ ይህች ብቻ ነበረች።

ሲባጎውን ፈታ። ሦስተኛውን ደብተር መዞ መሀሉን ገለጠ። ከኩታው ጥለት የተመዘዘች ቀይ ክር በሁለቱ ገጾች መሀል ተጋድማለች። አምስተኛውን ገለጠ። እዚያም አለች። ሁለቱን ክሮች በጣቱ ጫፍ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ዘዴው የዲቴክቲቭ መጽሐፍ ዘዴ ነው። መጽሐፉን ያዋስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ የፈረምኩባትን ወረቀት ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ቃል በቃል እያነበበ ጻፈባት። ‹‹ሰባት ደብተር ገቢ ሆኗል። ንብረቱ ሳይነካ ተመልሷል።›› ከዚያ ብእሩን ከደነና ‹‹ና ሻይ እንጠጣ›› አለኝ። ሂሳቡንም የከፈለው እሱ ነው። ስለ ደብተሩ ዳግመኛ አላነሣም። በዓመቱ ወደ ሁመራ ተዛወረ።

ይስማዕከ ወርቁ በእኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ‹ዴርቶጋዳ›ን ሲያወጣ፣ ጣናንና የጠፈር ሳይንስን ያገናኘውን መጽሐፍ ሰዉ አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ሲያነበው አየሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይተርካል፤ እኔ ሆዴን ይቆርጠኛል። ከዚያ አዘዞ ለቅሶ ሄጄ የአያ ሞዴልን እህት አገኘኋት። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ አልሰማሁም። ካጽናናኋት በኋላ ደብተሮቹስ አልኳት። ‹‹የትኛው ደብተር?›› አለችኝ።

ልጅቷ ወደምታመጣልኝ መጽሐፍ ልመለስ፤ ለካ የጀመርኩት ስለ እሱ ነው።

የቻይናውን የሊዩ ሲሺንን ‹ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም› ሰጠችኝ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በ2008 መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2015 ሁጎ የሚባለውን የሳይንሳዊ ልብ ወለድና የፋንታሲ ሽልማት ያገኘ ነው። ‹‹ስለ ሌላ ዓለም ፍጡሮች ነው፣ ዘና ይላሉ›› አለችኝ። ዘና! መጽሐፉ የሚከፈተው በ1967 ነው፣ በባህል አብዮቱ ዘመን። የፊዚክስ መምህሩን መድረክ ላይ አቁመው ለጋ ልጆች ደብድበው ይገድሉታል። ሴት ልጁ ከሕዝቡ መሀል ቆማ ታያለች። እኔ በቀይ ሽብር ጊዜ ጎንደር ውስጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መጽሐፉን ከድኜ ሦስት ሳምንት አልነካሁትም። ቻይንኛው ላይ ይህ ክፍል መሀል ገብቶ ነበር አሉ፤ ተርጓሚው ኬን ሊዩ ነው በደራሲው ፈቃድ ወደ ፊት ያመጣው። ደግ አድርጓል። የመምህሩ ልጅ የሰው ልጅን ለምን ተስፋ እንደቆረጠችበት ገና ሳይነገረኝ ገብቶኛል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ፀሐይ ያለው ዓለም ይመጣል። ዘመን ሲከፋባቸው ፍጡሮቹ ውሃቸውን አውጥተው ይደርቁና እንደ ቆዳ ይጠቀለላሉ፤ ደግ ዘመን ሲመጣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ። ለባለቤቴ ስነግራት ‹‹ቋንጣ ሆኑ በለኛ›› አለች። አያ ሞዴል ይህን ቢያነብ ብዬ አሰብኩ፤ እሱም ያሰበው ስለ ውሃ ነበር። ፊዚክሱ ሲበዛብኝ ግን ገጽ ዘልያለሁ። አዎ፣ እኔው ስለ 100 ፊልድ የምሰብካችሁ ሰውዬ። ልጅቷ ስትጠይቀኝ የዘለልኩትን ከዚህ እስከዚህ ብዬ አሳየኋት።

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የጀሚሲንን ‹ዘ ፊፍዝ ሲዝን› ግን አንድ መስመር አልዘለልኩም። የሦስት መጽሐፍ ታሪክ ነው። ሦስቱም ከ2016 እስከ 2018 በየዓመቱ ሁጎን ወስደዋል። ምድሪቱ ራሷ ሰው የምትጠላበት ዓለም ነው። አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ባሏ ደብድቦ ገድሎት ታገኘዋለች። ሴቷን ልጅ ይዞ ሸሽቷል፤ እሷም ፍለጋ ትወጣለች። የእናትየው ታሪክ የሚተረከው ‹አንቺ› እየተባለ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ሴቱም ወንዱም ትልቁም ትንሹም አንድ ቃል ነው። እኔ ግን በልቤ በአማርኛ ነው የማነበው፤ ‹አንቺ› ስል አልቃሽ ለቅሶ ላይ ቆማ ‹‹አንቺ እናቱ›› ስትል ነው የሚሰማኝ። ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ብቅ ቢል፣ ከእንግሊዛዊው አንባቢ የበለጠ የምናለቅሰው እኛ ነን። ፋንታሲ የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉ ደግሞ አላችሁ። እኔ ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ጠበቀው የሚለውን እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ዘንዶና አስማት አያስገርመኝም፤ የሚያስገርመኝ ደራሲው ሳያምንበት ሲጽፈው ነው።

የሪቻርድ ኦስማን ‹ዘ ተርስደይ መርደር ክለብ› በ2020 የወጣ ነው። የጡረተኞች መኖሪያ ውስጥ አራት ሽማግሌና አሮጊት ሐሙስ ሐሙስ እየተሰበሰቡ ያልተፈታ ግድያ ይመረምራሉ። ደስ ይላል። በጣም ሳቅሁ፤ ትንሽ ቀናሁም። ግን ጎንደር ውስጥ ቢሆን ያን ያህል ገጽ አይፈጅም። የእኛ አባቶች አውጫጭኝ ነበራቸው። ወንጀል ሲሠራ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መግባት የለም። ዲቴክቲቭ ጸሐፊዎች የተዘጋ ክፍል ምስጢር የሚሉት፣ ሟቹ ከውስጥ በተቀረቀረ ክፍል የሚገኝበት ነገር፣ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚዘጋበት አገሬው ሁሉ ነው። አንዱ ወጣት ደራሲ ይህን ቢይዘው ምን ዓይነት ዲቴክቲቭ ይወጣው ነበር! እናንተ ግን መርማሪያችሁን ረጅም ካፖርት አልብሳችሁ ዝናብ ውስጥ ታቆሙታላችሁ።

ከተቆጣሁ አይቀር ልጨምር። መጽሐፍ ከማኪያቶ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ‹አምስት ኮከብ› ሲባል አያለሁ። ‹‹የትኛው ቦታ ደስ አለህ?›› ስትለው ስልኩ ያሳጠረለትን ይነግርሃል። እኔ ቢያንስ ዘጠኝ ገጽ አንብቤ ነው የዋሸሁት። ደግሞ ሐሜት አይሁንብኝ፤ እናንተ በዓመት የምታነቡትን እኛ በአምስት ዓመትም አናነብም ነበር። ያች ልጅ ብቻዋን ካየኋቸው ባልደረቦቼ ሁሉ ትበልጣለች። 60 ገጽም ቀላል አይደለም።

እንግዲህ እታለም፣ ነገ ሲጠይቅሽ 60 ላይ ቆሜያለሁ በይው። 60ኛው ገጽ ላይ ምን እንዳደከመሽ አሳዪው። ስሞቹ በዙብሽ? ጦርነቱ ረዘመብሽ? ወይስ ፈተና ደርሶብሽ ነው? እሱንም ንገሪው። ሊከፋው ይችላል። ምናልባት ለጥቂት ቀን አያናግርሽም። እኔን አያ ሞዴል ሻይ ጋብዞኛል፤ ቢያኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። 61ኛውንም ሞክሪው ልልሽ ነበር፣ ግን የማይነበብ ነገር እንዳለም አውቃለሁ።

ትናንት ማታ ይህን እየጻፍኩ ለባለቤቴ ዘጠኙን ገጽ ተረኩላት። በ30 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ዘጠኙ ገጽ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ሟቹ፣ የማማውን መሰላል የሚሸከም ልጅ፣ ውሃውን የሚመዝን ሹም። እኔ ሹሙ ነው ባይ ነኝ፤ ሚዛን የያዘ ሰው አላምንም። እሷ እንዝርቷን አስቀመጠችና አሰበች።

‹‹ልብሱ ርሷል አላልክም?››

‹‹አዎ።››

‹‹እንግዲያ ማንም አልገደለውም። ዝናቡን ለብቻው ሊጠጣው ሲል ነው የሞተ።››

‹‹በሩስ?››

‹‹ማንም እንዳያየው ነዋ የቀረቀረው›› ብላ እንዝርቷን አነሣች።